ጥሎሽ በአሥራ ሁለት ስልቻ

ዘመሮ፣ መስከረም ፲፰ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለአቶ ዱባለ
ከወንጭት ወንዝ ማዶ

ክረምቱ እንዴት አወጣዎት? እናትዎ እማሆይ ወለተ ማርያምስ ወገባቸው ተሻላቸው? እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ደብዳቤዎ ከገባ ወዲህ ከደኅናም አልፌ፣ እኅቴ ጌታነሽ «ምነው ብቻሽን ትስቂያለሽ? ሰው ምን ይላል?» እያለች መውጫ መግቢያ አሳጥታኛለች።

ለጥያቄዎ መልሱ አዎን ነው። አምስት ዓመት ሙሉም አዎን ነበር፤ የሚጠይቀኝ ጠፍቶ እንጂ። በሃያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሽማግሌዎችዎ አጎቴ ደጅ ቆመው ሲለምኑ እኔ ጓዳ ሆኜ በግድግዳው ቀዳዳ እሰማ ነበር። ጦርነቱ ባይመጣ ይኸኔ ስንቴ ተጣልተን ስንቴ ታርቀን ነበር! አሁን አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ጠጉሬ ከፊት በኩል ነጣ ነጣ ብሏል፤ አልደብቅዎትም። እርስዎም መላጣ ሆነዋል ብሎ ደብዳቤዎን ያመጣልኝ ቅጣው ነግሮኛል፤ እሱም አይደበቅም።

የእጅ ጽሕፈትዎን ሳይ ግን በእውነት ደነገጥሁ። ያኔ ለገበያ ዘመሮ ሲመጡና አቤቱታ ሊያጽፉ እኔ ዘንድ ሲቀመጡ ሀ እና ለን አይለዩም ነበር። ያንን የመሬት አቤቱታ አራት ጊዜ አስጽፈውኛል፤ ያስታውሳሉ? በአራተኛው ጊዜ ክርክሩ አልቆ መሬቱ ለእርስዎ እንደ ተፈረደ ከሰው ሰምቼ ነበር። ዝም ብዬ ጻፍሁልዎት። አልተናገርሁም፤ እርስዎም አልተናገሩም።

አሁን ወደ ጭንቁ ልምጣ። የሾላውን መሻገሪያ ጣሊያን ዘብ አቁሞበታል፤ የይለፍ ወረቀት የሌለው አያልፍም። ወንድሜ ጫካ ከገባ ወዲህ የእኛ ቤት ሰው ስሙ ተጽፎ ስለ ተያዘ፣ እኔ ወረቀት ልጠይቅ ብሄድ በዚያው ያስቀሩኛል። ቅጣው ብቻ ነው የበግ ጠጉር ባና ነጋዴ ስለሆነ ወረቀት ያለው፤ ሌላው ሰውማ መሻገሪያውን ከተወው ቆየ። እንግዲህ ሙሽራ ከነአጃቢዋ በምን ትለፍ? የነቢያት ጾም ደግሞ ኅዳር ዐሥራ አምስት ይገባል። ከዚያ በፊት ካልተጋባን እስከ ጥር ነው፤ እስከ ጥር ምን እንደሚመጣ ማን ያውቃል? እናትዎም «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ልያት» ማለታቸውን ጽፈውልኛል።

እኔ መላ አግኝቻለሁ። ቁጭ ብለው ያንብቡት። በወንዙ ልምጣ! መሻገር አላልሁም፤ መውረድ። ከላይ መንገድ ከሌለበት ገደል ግርጌ ተነሥተን፣ በውሃው ላይ ሁለት ቀን ወርደን፣ ከእርስዎ ማሳ ሥር ብቅ ማለት። እዚያ ገደል ውስጥ ከዝንጀሮ በቀር ወረቀት የሚጠይቅ የለም።

አበደች አይበሉ። አዲስ አበባ የሚስዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪያችን ስለ አገሯ ስታጫውተን፣ ሰዎች በጠባብ ታንኳ ሆነው ድንኳንና ድስት ይዘው፣ ሰው በሌለበት ዱር ውስጥ ወንዝ ሲወርዱ ይሰነብታሉ አለችን። «ለምን ጉዳይ?» ብንላት፣ «ለደስታ» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያው ትምህርት ቤት ነው አንሥተው የዳሩኝ። ከአዲስ አበባ እስከ መንዝ ስድስት ቀን በበቅሎ፣ ከራሴ እስከ እግሬ በጥቁር በርኖስ ተሸፍኜ። እንደ ወጉ ሙሽራ አትታይም፤ አታይምም። ጂኦግራፊ የተማርሁ ልጅ ስድስት ቀን ከሄድሁበት አገር ያየሁት የበቅሎዋን ጆሮ ብቻ ነው፤ እሱንም ነፋስ ሲገልጥልኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ደግ ሰው ነበር። ሞቱን ከለመድሁት ዐሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ያንን መንገድ ግን እስካሁን አልለመድሁትም። ዘንድሮ ለሁለተኛ ጊዜ ስዳር መንገዱን ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም።

አጎቴ ተክለጻድቅ፣ የሚድሩኝ እሳቸው ናቸውና፣ ነገሩን ስነግራቸው «ሙሽራ በውሃ? እንደ ጉማሬ?» ብለው ጮኹ። ዘቡን ሳነሣባቸው ግን ድምፃቸው ወረደ። ከዚያ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መትተው፣ «እንዲህ ያለ ቀን ስለሆነ ነው። ሌላ መንገድ ቢገኝ ግን በበቅሎ፣ ተሸፍነሽ ነው የምትሄጂው፤ ያለዚያ ተክለጻድቅ አይደለሁማ!» አሉ። ሌላ መንገድ ደግሞ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለ ዘቡ ማመስገኔ አይደለም፤ እንዲያው መንገድ አለመኖሩን ነው።

ወንጭትን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ውሃው መቼ ይመቻል? በምን እንውረድ? አዞስ አለ? ቅጣው ባናውን ጭኖ «እመት አሰጋሽ፣ መጽሐፍ ነው እንዴ የሚጽፉት?» እያለ ደጅ ላይ ይነጫነጫል። ይብቃኝ።

አሰጋሽ


ሾላ ሜዳ፣ መርሐቤቴ
መስከረም ፳፯ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለወይዘሮ አሰጋሽ

ደብዳቤዎ ደረሰኝ። አንብቤ ለመጨረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ እንደገና አነበብሁት።

እናቴ ወገባቸው ተሽሏቸዋል። መላጣ መሆኔ እውነት ነው።

ወንጭት አሁን ሙሉ ነው። በጥቅምት መጨረሻ ይቀንሳል። ኅዳር ከተጋመሰ በኋላ ድንጋዩ ይወጣል። መውረድ የሚቻለው በመካከሉ ባለው ዐሥራ አምስት ቀን ያህል ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳሻግር ኖሬአለሁ፤ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር። ወደ ታች የሚሄድ ነገር መሆኑን ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አሁን ማሰብ ይዣለሁ።

ታንኳ በዚህ አገር የለም። በነፋስ የተነፋ ስልቻ ግን ሰው ይይዛል። አሥራ ሁለት ስልቻ፣ በላዩ የሸምበቆ ርብራብ፣ በጠፍር የታሰረ። አራት ሰው ይችላል። ሸምበቆውን እኔ እቆርጣለሁ። ስልቻውን እርስዎ ዘንድ ያዘጋጁ።

አዞ አለ። ብዙ አይደለም።

ያችን አስተማሪዎን ማታ ማታ አስባታለሁ። ለደስታ ብሎ ወንዝ የሚወርድ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።

ዱባለ


ዘመሮ፣ ጥቅምት ፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለአቶ ዱባለ

ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የተቀመጥሁት፤ ነገር ግን ሳቁ አላስጽፍ ብሎኛል።

በመጀመሪያ በቅጣው በቃል ለላኩልኝ ጥያቄ፦ አልችልም። ዋና የሚባል ነገር አላውቅም። ጌታነሽም አታውቅም። በዚህ በመንዝ ውርጭ ውሃ ውስጥ የሚገባ ሰው ቢኖር፣ ለንስሓ ነው። «አዞ አለ፤ ብዙ አይደለም» ያሏትን ዓረፍተ ነገር ግን ወደድኋት። ለጌታነሽ ሳነብላት «ስንት ነው ብዙ ያልሆነው?» አለችኝ። እስቲ ቢቻል ቁጥሩን ይላኩላት።

አሁን ወደ ስልቻው። ለመስቀል መንደሩ በሙሉ በግ አርዶ ስለነበር፣ ከየቤቱ ዞሬ ያልተቀደደውን አሥራ ሁለት ቆዳ ለቀምሁ። እግር እግሩንና አንገቱን ጥፍር አድርገን አሰርን። ጠጉሩን አልላጨነውም። ለምን እንላጨዋለን? ውሃው ይቀዘቅዛል፣ እኛም በላዩ እንቀመጣለን፣ እንዲህ ያለ ወፍራም ጠጉር እያለ ማን በራቁት ቆዳ ይሄዳል? ጌታነሽማ የሁለቱን ጠጉር አበጠረችው። እኛ የምናውቀው በግ ነው፣ የምናውቀው ብርድ ነው፤ ምን ይደረግ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ካለው ኩሬ ወስደን ሞከርነው። ሰው ተሰበሰበ። ቅጣው «ዓባይ ውስጥ ገላዬን ታጥቤ አውቃለሁ» ስላለ ቀድሞ ተቀመጠበት። መቅዘፊያ እንዲሆን አጎቴ ገብስ የሚያዘሩበትን ላይዳ ተበድሬ ሰጠሁት፤ አውድማ ሳይደርስ እመልሳለሁ ብዬ። ተነሣ፤ እልልታው ቀለጠ። ሦስት ክንድ ያህል ሄደ። ከዚያ ቆመ። ከዚያ፣ አቶ ዱባለ፣ ምንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሄድ ጀመር።

«እመት አሰጋሽ» አለ፣ «ከታች እየቀዘቀዘኝ ነው!»

«ቅዘፍ!» አልሁት።

«ወዴት ልቅዘፍ? ወደ ላይ ነው የሚያስፈልገኝ!»

ጠጉሩ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አሥራ ሁለቱም በግ እንደ ድንጋይ ከብዷል። ቅጣው እስከ ብብቱ ሰጠመና፣ ላይዳውን ሽቅብ ይዞ፣ ኩሬው ውስጥ እንደ ተቀመጠ ቀረ። አጎቴ ዳር ላይ ቆመው፣ «በጎቹ ከመስቀል ጀምሮ ጠምቷቸው ነበር ማለት ነው» አሉ። እስከ ቤት ድረስ ብቻቸውን ሲስቁ ሄዱ።

አሁን አሥራ ሁለቱ ቆዳ አጥር ላይ ተሰጥቶ አልደርቅ ብሎ፣ የመንደሩ ውሻ በሙሉ እሱን ከቦ ውሎ ያድራል። የሳቄን ያህል ግን ስጋትም ገብቶኛል። አምስት ቀን ባከነብን። አጎቴም ማታ እሳት ዳር «እንግዲህ እስከ ጥር መታገሥ ነው መሰለኝ» ሲሉ ሰማኋቸው። ምን አጥፍቻለሁ? በጉ ነው ወይስ እኛ ነን? ቶሎ ይመልሱልኝ።

ያፈረችው፣ ግን ብዙም ያላፈረችው
አሰጋሽ


ሾላ ሜዳ፣ ጥቅምት ፲ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለወይዘሮ አሰጋሽ

ጠጉሩ አልተነሣም ነበር? ለእናቴ ሳነብላቸው ወገባቸው እንደገና እስኪያማቸው ሳቁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የፍየል ማለት ነበረብኝ። እዚህ ስልቻ ሲባል ፍየል ነው፤ መጻፍ የሚያስፈልግ አልመሰለኝም።

አሥራ ሁለት የፍየል ስልቻ በቅጣው አህያ ልኬአለሁ። ጠጉራቸው ተነሥቷል። በጉሎ ዘይት አሽቻቸዋለሁ። እያንዳንዳቸውን ውሃ ውስጥ አሳድሬ አይቻለሁ። ሌላ ጥሎሽ አልፈልግም ብለው ስለጻፉ፣ ጥሎሹ ይኸው ነው። አጎትዎ እንዳይቀየሙኝ ፈራሁ።

ለወይዘሮ ጌታነሽ፦ ሁለት አዞ ነው። አንዱ ሽማግሌ ነው።

የምነግርዎ አንድ ነገር ነበረኝ። ስንገናኝ ይሁን።

ዱባለ


ዘመሮ፣ ጥቅምት ፲፯ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለአቶ ዱባለ

በዘመሮ እንዲህ ያለ ጥሎሽ ታይቶ አይታወቅም፤ ወደፊትም የሚታይ አይመስለኝም።

ወጉን ያውቁታል። ጥሎሽ ሲመጣ ዘመድ ይጠራል፣ ሴቶቹ ባንድ በኩል ወንዶቹ ባንድ በኩል ይቀመጣሉ፣ የሙሽራዋ ዘመድ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወጣ ስሙን ይጠራል፣ እልል ይባላል። አጎቴ የክት ኩታቸውን ለብሰው ተነሡ። ቅጣው ያወረደውን ጭነት ፈቱ። እጃቸውን ሰደዱ።

«አንድ…» አሉ። አገላብጠው አዩት። «አንድ ስልቻ።»

ሴቶቹ በውስጡ ቀሚስ ያለ መስሏቸው አንገታቸውን አሰገጉ። አጎቴ አራገፉት፤ ምንም።

«ሁለት… ስልቻ።»

ጌታነሽ ብቻዋን እልል አለች። እሷን ቀና ብዬ ካየሁ መሳቄ ስለሆነ መሬት መሬት አየሁ።

«ሦስት። ስልቻ። ኧረ ይኸ ሰውዬ እህል ሊያስፈጭ ነው ወይስ ሊያገባ!»

በአምስተኛው ላይ አንዲት አሮጊት አክስታችን እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና እልል አሉ። በስምንተኛው ላይ ቤቱ በሙሉ ተቀላቀለ። በአሥራ ሁለተኛው ላይ አጎቴ ራሳቸው «ስልቻ!» ያሉት እንደ ፉከራ ነው።

ከዚያ ወደ ኩሬው ወረድን። ወጣቶቹ ጉንጫቸው እስኪቀላ ይነፋሉ። አሥራ አንዱ ጥብቅ አለ። ዘጠነኛው ግን ቢነፋ ቢነፋ አንድ ጥግ ላይ አልሞላ አለ፤ ሲነቀንቁትም ይንሿሿል። «ተቀዷል» አለ አንዱ። «ውስጡ ጠጠር ገብቷል» አለ ሌላው። እኔ ወስጄ ፈታሁት፤ ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ። በጨርቅ የተጠቀለለ የብር ድሪ ነው ያወጣሁት።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አልጽፍም። እኔ የማልጽፈው ነገር መኖሩ ይበቃዎታል። ዘይት ዘይት ይሸታል፤ አልወለውለውም፤ እንዳለ አንገቴ ላይ ነው።

ስልቻዎቹ እንዴት ተንሳፈፉ መሰለዎት! በሳንቃ ላይ አስረን እኔና ጌታነሽ ተቀመጥን፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቴን እንኳ አልነካኝም። አጎቴ «ውረዱ ልየው» ብለው እሳቸው ወጡ። ኩሬውን ሁለቴ ዞሩት። «ይኸማ አልጋ ነው» አሉ። ሲወርዱ ግን ኩታቸውን አስተካክለው፣ «መሐላዬ እንዳለ ነው፤ ሌላ መንገድ ቢገኝ በበቅሎ!» አሉኝ። እኔም «እሺ አጎቴ» አልሁ፤ እንደ ጨዋ ልጅ።

ቅጣው አንድ ወሬ ነግሮኛል። በደብዳቤ አይሆንም፤ ስንገናኝ አጫውትዎታለሁ። እርስዎም የምነግርዎ አለኝ ስላሉ፣ እንለዋወጣለን።

ሠርጋችን ኅዳር ስምንት እሑድ ነው። እንድረስበት።

አሰጋሽ


ሾላ ሜዳ፣ ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለወይዘሮ አሰጋሽ

ከትናንት በስቲያ ከእናንተ ደጋ የዘነበ ዝናብ ወንጭትን ሞላው። ይኸ በጥቅምት የተለመደ አይደለም። ውሃው ደፍርሷል። ግንድ ይዞ ይወርዳል።

ሸምበቆው ተቆርጧል። ገደሉን ከዚህኛው ዳር በእግሬ ሄጄ ሁሉንም አይቻለሁ። የምናድርበትን አሸዋ መርጫለሁ። አንድ የሚያስፈራ ቦታ አለ፤ እዚያ ወርደን በዳር እንሄዳለን። ሌላው ለስላሳ ነው። ይኸ ሁሉ ግን ውሃው ከቀነሰ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሰው ሳሻግር አንድም ሰው ውሃ አልወሰደብኝም። በእርስዎ አልጀምርም። ካልቀነሰ ሌላ መላ እንፈልጋለን።

አይዘኑ።

ዱባለ


ዘመሮ፣ ጥቅምት ፳፮ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለአቶ ዱባለ

«ሌላ መላ» ያሏት ቃል ሁለት ቀን እህል አላስቀመሰችኝም። ጌታነሽ ታመምሽ ወይ እያለች ግንባሬን ትዳስሳለች። አልታመምሁም። ዋሽቼ ነው።

የሾላው መሻገሪያ ባዶ ነው። ዘቡ ተነሥቶ ሄዷል። ወሬ ያልሁዎት ይኸ ነው። ቅጣው ስልቻዎቹን ይዞ ሲመጣ «እመት አሰጋሽ፣ የምሥራች! ከእንግዲህ በእግርዎ ነው የሚሻገሩት» ብሎ ሲሮጥ ገባ። እኔም የምሥራቹን ስጦታ ልሰጠው ሲገባኝ፣ ጓዳ አስገብቼ በር ዘጋሁበትና ለማንም እንዳይናገር አስማልሁት። ባና ነጋዴ ወሬ ሳይነግድ መኖር ምን ያህል እንደሚከብደው ያውቃሉ። ሆዱ ሊፈነዳ ደርሷል። ከእሱ በቀር እስካሁን በመንዝ በኩል የሰማ የለም።

ለምን እንዳልተናገርሁ ያውቁታል። አጎቴ ከሰሙ በማግስቱ በቅሎ ተጭና በርኖሱ ተራግፎ ይጠብቀኛል። እርስዎም ከሰሙ፣ እንደ ወጉ አድርገው ሚዜ ሰብስበው በቅሎ ይዘው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ደግ ሰው ነዎትና። ደግ ሰዎች ናቸው ሁልጊዜ የሚሸፍኑኝ።

አሁን ግን ውሃው ሞልቷል፣ ግንድ ይዞ ይወርዳል ብለው ጻፉ። በዚያ ላይ ገደሉን በእግርዎ ሄደው አይተዋል፤ የማድርበትን አሸዋ ሳይቀር መርጠዋል። ሌላ መንገድ የለም ብለው ነው ይኸን ሁሉ የሚደክሙት። እኔ ደግሞ እያወቅሁ፣ በእኔ ውሸት ላይ አስቀምጬ ነፍስዎን ወንዝ ላይ ላወጣ? አይሆንም። የቀድሞው ባሌ ዘመዶች መንገዱን ከለከሉኝ ብዬ ሃያ ስድስት ዓመት አዝኛለሁ፤ እኔ እውነቱን ከልክዬዎት ከማዝን ግን ተሸፍኜ ብሄድ ይሻለኛል።

ስለዚህ ይኸው ነገርሁዎት። በቅሎ ከላኩ እመጣለሁ። እናትዎ ዓይናቸው ሳይጠፋ እንዲያዩኝ ነው ዋናው። ብቻ ከቻሉ የሰከነች በቅሎ ይሁን፤ በርኖሱም ቀዳዳ ቢጤ ካለው አልጠላም።

ይቅር ይበሉኝ። ስልቻዎቹን ነፋሳቸውን አላስወጣሁም፤ እጄ እንቢ አለ።

አሰጋሽ


ሾላ ሜዳ፣ ጥቅምት ፳፱ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለወይዘሮ አሰጋሽ

ዘቡ የተነሣው ጥቅምት አምስት ቀን ነው። ድንኳኑን ሲነቅሉ ከዚህ ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ስልቻዎቹን የላክሁት ጥቅምት ዐሥር ቀን ነው።

ቅጣውን ስልቻዎቹን አድርሶ ሲመለስ እኔም አስምዬዋለሁ። ደብዳቤዎን ሲሰጠኝ አንብቤ ስስቅ ቢያይ፣ መሬት ላይ ተቀምጦ «አሁንስ ልናገር?» አለ።

እንዳልነገርሁዎ ይቅር ይበሉኝ። በቅሎ ካለ፣ አጎትዎ በቅሎ እንደሚሉ አውቃለሁ። ሠላሳ ዓመት ከወንዙ ዳር ኖሬ ወደ ታች ሄጄ አላውቅም። እርስዎ ከጻፉልኝ ወዲህ ሌላ አላሰብሁም። ለደስታ።

አራተኛውን አቤቱታ ሲጽፉልኝም ክርክሩ ማለቁን እንደሚያውቁ አውቅ ነበር።

ውሃው ቀንሷል። ድንጋይ ላይ ምልክት አድርጌ ነበር፤ ሁለት ክንድ ወርዷል። ዛሬ ጠዋት ጠርቶ አሸዋው ታየኝ። ባይቀንስ ኖሮ እነግርዎ ነበር።

በቅሎዬን ለሰው አውሻታለሁ። እስከ ኅዳር ሃያ አትመለስም።

ኅዳር አምስት ሐሙስ፣ ፀሐይ ስትወጣ፣ ከገደሉ ግርጌ እጠብቅሻለሁ። ላይዳውን እንዳትረሺ።

ራስሽን አትሸፍኚ።

ዱባለ


ሾላ ሜዳ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ለዱባለ

ይኸን ደብዳቤ የምጽፍልህ ገና የሄድህበት አቧራ ሳይሰክን ነው። ባገባሁ በሦስተኛው ቀን ባሌ ትቶኝ ሄደ ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ነግሬአለሁ፤ ስትመለስ ይጠይቁሃል። አጎትሽን እስከ ዘመሮ ልሸኝ፣ ሣጥንሽንና መጻሕፍትሽን ላምጣ፣ ላይዳቸውንም ልመልስ ብለህ ተነሣህ፤ አጎቴን ይዘሃቸዋል፤ ላይዳው ግን ይኸው በሩ ላይ ተደግፎ ቆሟል! ገብሱ ሊወቃ ነው። ቅጣው እየሮጠ እንዲደርስባችሁ አሸክሜዋለሁ።

አጎቴ ዛሬም ኩርፊያቸው አልወጣም ብለህ አትጨነቅ። እኛ ገደል በገባን ማግስት ከጨው ነጋዴ ወሬውን ሰምተው፣ በዚያች በበቅሏቸው በባዶው መሻገሪያ ተሻግረው፣ ቀድመውን ደርሰው እዚህ ደጅ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁን ያየነው ፊት ይኸው ገና ሊስቅ ነው። «በውሃ ሁለት ቀን! በመሻገሪያው ግማሽ ቀን!» ያሉት አልረሳኝም። ትናንት ግን ለእማሆይ ሲያጫውቱ ሰማኋቸው፤ ስልቻው ላይ አብረውን የነበሩ ነው የሚመስለው። ሽማግሌውን አዞ ሳይቀር አይተውታል። እኔ አላየሁትም! ጌታነሽም ዓይኗን ጨፍና ስለነበር አላየችውም። ዘመሮ እስክትደርሱ ደግሞ አራት ያደርጉታል፤ ዝም ብለህ ስማቸው።

እማሆይ ዛሬ ጠዋት ወደ ብርሃኑ አውጥተው አስቀመጡኝና፣ አገጬን ይዘው፣ ጠጋ ብለው ብዙ አዩኝ። ከዚያ፣ «ሰማንያ ዓመት ስኖር አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ሙሽራ ስትገባ ሳይ ይኸ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ደነገጥሁ። እሳቸው ግን ቅቤ አምጥተው አፍንጫዬን ቀቡኝና፣ «ለመሆኑ ከማሳችን በታች ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው ጠየቁኝ። ጃማ ይገባል፣ ጃማም ዓባይ ይገባል፣ ዓባይ ደግሞ እስከ ግብጽ ነው አልኋቸው። የቅቤውን ዕቃ ከደኑና፣ «እኔ ክብደት የለኝም» አሉኝ። እንግዲህ አንተ አስብበት።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ፊት ለፊት አልናገረውምና። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገደሉ ጠብቦ ሰማዩ እንደ መቀነት የቀረ ጊዜ፣ ላይዳውን ከውሃው አነሣህና ጉልበትህ ላይ አስቀመጥኸው። ውሃው ብቻውን ወሰደን። አንተ ዝም አልህ። እኔም ዝም አልሁ፤ ይኸን ብነግር የሚያምነኝ ሰው የለም። ጌታነሽ እንኳ «ታመምሽ ወይ?» አላለችኝም። የዚያን ገደል ድንጋይ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አሁን ተነሥተሽ ሣዪው ብትሉኝ እሥላለሁ።

ቅዳሜ ቅበላ ነው። በግ ተመርጧል፤ ቆዳውን ጠጉሩን ላጭቼ አኖረዋለሁ፤ ተምሬአለሁ። ሳትደርስ እንዳይነጋ። በመሻገሪያው በኩል ነው የምትመለሰው፤ ድንገት ዘቡ ተመልሶ ብታገኘው አትሟገት፤ ወደ ላይ ፈቀቅ በልና ከማዶ ሆነህ ተጣራ። ስልቻዎቹ እንደ ተነፉ ዳር ላይ ተቀምጠዋል።

መጥቼ አሻግርሃለሁ።

አሰጋሽ